ማን እየተበላ ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ። ብርዱ እንደ ልማዱ በጃኬት ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። በአንዲት ጠባብ ቤት ውስጥና ደጃፍ ላይ ሃያ የምንሆን ልጆች ተደራርበን ቆመናል። ቴሌቪዥኑ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ያሳያል። ሁሉም እጁ ላይ ቁራጭ ወረቀት ይዟል። 90ኛው ደቂቃ ላይ አንዲት ጎል ትገባለች። ሁለት ልጆች ይጮኻሉ፤ የቀረው ወረቀቱን ጨምድዶ መሬት ላይ ይጥላል። ከዚያ ያቺ የምናውቃት ቃል ትመጣለች፦ «ተበላሁ!»

ወገኔ፣ ይህችን ቃል ቆም ብለህ አስባት። የተበላ ካለ የበላ አለ። እኛ ግን «ተበላሁ» ብለን እንሄዳለን እንጂ «ማን በላኝ?» ብለን አንጠይቅም። የዛሬው ጽሑፍ ይህችን አንዲት ጥያቄ ስለመጠየቅ ነው።

«ይኼ ደግሞ ሊመክረን መጣ» ብለህ አትለፈኝ። እኔም ተበልቻለሁ። ልዩነቱ እኔ የተበላሁት በኳስ ሳይሆን በካርታ መሆኑ ነው። ጨዋታው ፖከር ይባላል። በስልኬ፣ በኢንተርኔት፣ ያለ አስተማሪ ተማርኩት። ብዙ ጥሩ ነገር አስተምሮኛል፤ ይህን አልክድም። ያስከፈለኝን ዋጋ ግን ሳልናገር ብቀር የከዳሁት እናንተን ነው።

በ2014 ዓ.ም. በስታቲስቲክስ ዲግሪ ተመረቅሁ። ፎቶው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ዲግሪው ሻንጣ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፦ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም፣ ሲቪ ኮፒ ማድረግ፣ «የሥራ ልምድ 2 ዓመት» የሚለውን አንብቦ ወደ ቤት መመለስ። ቀኑ ረጅም ነው፤ ሌሊቱ ይብሳል። አንድ ሌሊት አንድ የፖከር ጨዋታ ስልኬ ላይ ጫንኩ። የሚጫወቱት በውሸት ገንዘብ ስለሆነ ምንም አያስከፍልም። በዚያው ገባሁ።

ለማያውቀው በአጭሩ ላስረዳ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይሰጠዋል። መሐል ላይ ደግሞ አምስት ካርታ ይገለጣል፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ አንድ። ከሰባቱ ምርጥ አምስቱን ያዋቀረ ያሸንፋል። በየመሐሉ ትጥላለህ፣ ትከተላለህ ወይም ትጨምራለህ። ጥሩ ካርታ ይዘህ ታሸንፋለህ፤ ምንም ሳትይዝ ሌሎቹን አስፈራርተህ ካስጣልካቸውም ታሸንፋለህ።

ውድድሩ፣ ማለትም ቶርናመንቱ፣ እንዲህ ነው። ሁሉም እኩል መግቢያ ይከፍላል፤ እኩል ጠጠር ይሰጠዋል። ጠጠሩ ያለቀበት ይወጣል። የመጨረሻው ሰው እስኪቀር ይቀጥላል። ገንዘብ የሚያገኙት ከመቶው ተወዳዳሪ አሥር ወይም አሥራ አምስቱ ብቻ ናቸው። አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ «ብላይንድ» የሚባል የግዴታ መዋጮ በየተራ ይከፈላል፤ በየጥቂት ደቂቃው ይጨምራል። ስለዚህ ዝም ብለህ ጥሩ ካርታ ስትጠብቅ ብትቀመጥ መዋጮው ራሱ ይጨርስሃል። ቸኩለህ ሁሉንም ብትገፋም ያልቅብሃል። ሥራ ፈላጊ ሆኜ ይህን ስማር ስለ ካርታ ብቻ የሚወራ አልመሰለኝም።

እንዲህ ያለ ጨዋታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ገበጣ አለን። ኮንከር ያልተጫወተ ተማሪ ካለ ይምጣ። መኳንንቱ ይጫወቱት የነበረው የሀገራችን ሰንጠረዥማ የራሱ ሕግ ነበረው፦ ሲጀመር ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ አይጠብቁም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። ያ ክፍል «ወረራ» ይባላል። የራስህን ሠራዊት እያሰለፍክ ዓይንህ ከባላጋራህ እጅ አይለይም። አያቶቻችን ሰውን እያነበቡ ማሰብን በጨዋታ ይለማመዱት ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የስልኩ ጨዋታም ቆመ። እኔ ግን አንድ እሽግ ካርታ ገዛሁ፤ ሦስት ጓደኞቼን ሰበሰብኩ፤ በገንዘብ ፋንታ ባቄላና ሽምብራ ይዘን ተቀመጥን። ሽምብራ አንድ፣ ባቄላ አምስት። እያንዳንዱን እጅ ከተጫወትን በኋላ ካርታችንን ገልጠን እንከራከራለን፦ «ለምን ጨመርክ? ምን አይተህ ተከተልክ?» እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሁሉ የበለጠ የተማርኩት ያኔ ነው። አንድም ሳንቲም አልወጣም።

ምን ተማርክ ካላችሁኝ፣ አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ መጣልን። ከ52 ካርታ ሁለት ሁለት ሲወሰድ 1,326 ዓይነት ጥምረት አለ። ከሁሉ የሚበልጠው ሁለት ኤስ በአማካይ ከ221 እጅ አንዴ ብቻ ይመጣል። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች አብዛኛውን እጁን ይጥላል። ጀማሪ ግን «እስቲ የሚቀጥለውን ካርታ ልየው» እያለ ይከተላል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው ፖከር ሳያይ ፖከርን ያወቀ ነው።

ሁለተኛ፣ ዋጋን መጠየቅን። መሐል ላይ 80 ጠጠር አለ እንበል። ባላጋራህ 20 ጨመረ። አንተ የምትጠብቀው አንድ ካርታ ነው፤ ከቀሩት 47 ካርታዎች ዘጠኙ ያድኑሃል። ዕድልህ 19 በመቶ ነው። 20 ከፍለህ 100 ለማግኘት ከሆነ የሚያስፈልግህ 17 በመቶ ገደማ ነውና መከተል ያዋጣል። እሱ 80 ቢጨምር ግን 80 ከፍለህ 160 ለማግኘት ነው፤ 33 በመቶ ዕድል ያስፈልግሃል፤ የለህም፤ ትጥላለህ። ካርታው ያው ነው፤ የተለወጠው ዋጋው ነው። «ይመጣል ወይስ አይመጣም?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «በስንት?» ብሎ መጠየቅ ነው ቁም ነገሩ።

ሦስተኛ፣ ውሳኔንና ውጤትን መለየትን። ሁለት ኤስ ይዘህ ባላጋራህ ሁለት ንጉሥ ይዞ ሁሉንም ብትገፉ አንተ ከአምስት አራት ጊዜ ገደማ ታሸንፋለህ። አንዷን ጊዜ ግን ትሸነፋለህ። ስለተሸነፍክ አልተሳሳትክም። በተቃራኒው ደግሞ ስለበላህ አዋቂ ነህ ማለት አይደለም። ስንቱ ልጅ ነው አንድ ቀን 20 ብር አስይዞ 3,000 በልቶ ከዚያ ወዲህ «እኔ እኮ ኳስ አውቃለሁ» እያለ ያለው?

አራተኛ፣ መመዝገብን። እያንዳንዱን ውድድር በደብተር ጻፍኩ፦ ቀን፣ የገባሁበት ዋጋ፣ ያገኘሁት፣ የፈጀው ሰዓት። ይህች ደብተር በኋላ የምትናገረው አላት።

እስከዚህ ድረስ ጤና ነበር። ችግሩ የጀመረው ታሪኮችን ማንበብ ስጀምር ነው።

በፈረንጆቹ 2003 አንድ ክሪስ መኒሜከር የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሠራተኛ ነበረ። በኢንተርኔት 86 ዶላር ከፍሎ አንድ ትንሽ ውድድር ገባ፤ አሸነፈ፤ በዚያው ላስ ቬጋስ ላለው ትልቁ የዓለም ውድድር አለፈ፤ እሱንም አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። አኔት ኦብረስታድ የምትባል የኖርዌይ ልጅ ደግሞ ከኪሷ ሳታስገባ በነጻ ውድድሮች ጀምራ፣ በ2007፣ ገና 18 ዓመቷ ሳለ፣ የአውሮፓውን ውድድር አሸንፋ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ አገኘች። ሌሊት ብቻህን፣ ሥራ ሳይኖርህ፣ ይህን ስታነብ ምን ይሰማሃል? «እኔስ?» ትላለህ።

ያኔ ያልጠየቅሁትን ጥያቄ አሁን ልጠይቅ። መኒሜከር ባሸነፈበት ውድድር 839 ሰው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት 2,576 ሰው መጣ። ከሦስት እጥፍ በላይ! የአንዱ ሰው ታሪክ የሺዎች መጥሪያ ሆነ። አሸናፊው በጋዜጣ ወጣ፤ ባዶ እጃቸውን የተመለሱትን ማንም ፎቶ አላነሣቸውም። እዚህም ያው ነው። የበላ ልጅ ቲኬቱን ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል። የተበላው አይለጥፍም። ስለዚህ ስልክህን ስትከፍት ዓለም ሁሉ የሚበላ ይመስልሃል።

ሌላም አለ። ክሪስ ፈርጉሰን የሚባል ታዋቂ ተጫዋች ከዜሮ ተነሥቼ 10,000 ዶላር አደርሳለሁ ብሎ ደረሰ። ሕጉ ጥብቅ ነበር፦ ካለው ገንዘብ ከ2 በመቶ በላይ ለአንድ ትልቅ ውድድር አይከፍልም። ብዙዎቻችን ከእሱ ተምረናል። ነገር ግን እሱ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረበት ፉል ቲልት የተባለው የፖከር ድርጅት በ2011 የአሜሪካ መንግሥት ክስ ሲመሠርት ለተጫዋቾቹ የሚመልሰው ገንዘብ አልነበረውም። የአሜሪካ ተጫዋቾች ገንዘባቸው ይመለስላቸው የጀመረው በ2014 ነው። አየህ? 2 በመቶህን ጠንቅቀህ ልትቆጥር ትችላለህ፤ ካዝናው ግን በሌላ ሰው እጅ ነው።

ሦስተኛው ነገር ማሽን ነው። በ2017 ሊብራተስ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም አራት ባለሙያ ተጫዋቾችን አንድ ለአንድ ገጥሞ በ20 ቀንና በ120,000 እጅ አሸነፋቸው። በ2019 ደግሞ ፕሉሪበስ የተባለው በስድስት ሰው ጠረጴዛ ላይ ባለሙያዎችን አሸነፈ። እንግዲህ ጠባሴ ተቀምጠህ በስልክህ ስትጫወት ከወዲያ በኩል ያለው ሰው ይሁን ማሽን በምን ታውቃለህ?

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የገባሁት። ስታቲስቲክስ ተምሬ!

እናቴ ያለችው አንኮበር ነው። በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ አንድ የሥራ ፈተና ተጠራሁ። ለልብስ፣ ለመንገድ፣ ለአልጋ ይሁንህ ብላ አንድ በግ ሸጣ 8,000 ብር ላከችልኝ። ፈተናው ገና ወር ይቀረዋል። እኔ ደግሞ በውሸት ገንዘብ ሁሉንም እያሸነፍኩ ነበር። «ይህን በሦስት ሳምንት እጥፍ አደርገዋለሁ» አልኩ። በ6,500 ብር ከቴሌግራም ነጋዴ 50 ዶላር ገዛሁ። ይህ ራሱ ሕገ ወጥ ነው፤ አጥፍቻለሁ። መግቢያቸው 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም የሆኑ ውድድሮችን ጀመርኩ። አንዱ ዶላር ለሽልማት፣ አሥሩ ሳንቲም ለቤቱ።

በእውነተኛ ገንዘብ ሲሆን ጨዋታው ሌላ ነው። በባቄላ ስጫወት የምጥለውን ካርታ በዶላር ስጫወት መጣል አቃተኝ። የተበላሁትን ለማስመለስ አንዱን ሳልጨርስ ሌላ ውድድር እከፍታለሁ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ እኔ አፍስሼ መልቀም እንኳ አልቻልኩም።

ፈተናው ሰኞ ጠዋት ነበር። እሑድ ሌሊት አንድ ትልቅ ውድድር ላይ ነኝ። ከ1,400 ሰው 60 ቀርተናል። «አሁን ተኝቼ ልጣለው?» ሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን 41ኛ ሆኜ ወጣሁ። 4 ዶላር አገኘሁ። ትንሽ ልረፍ ብዬ ጋደም አልኩ። ስነቃ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት። ፈተናው ተጀምሯል።

እናቴ ስትደውል «ተፈትኛለሁ፤ ውጤት እየጠበቅሁ ነው» አልኳት። ከወር በኋላ «አላለፍኩም» አልኳት። «አይዞህ ልጄ፣ በግ ይተካል» አለችኝ። ያቺ «አይዞህ» አልተዋጠችልኝም።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንኮበር ሄጄ እውነቱን ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። ኢንተርኔት፣ ዶላር፣ ውድድር ብዬ የተናገርኩት ሁሉ አልገባትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ታዲያ ብሩን ማን ወሰደው?»

መልስ አልነበረኝም። ዲግሪ ያለኝ ልጅ ፊደል ላልቆጠረች እናቴ መልስ አጣሁ። ደብረ ብርሃን ስመለስ ደብተሬን ከፈትኩ።

የተጫወትኩት ውድድር፦ 212። ገንዘብ ያገኘሁባቸው፦ 29። የከፈልኩት መግቢያ በጠቅላላ 233 ዶላር ከ20 ሳንቲም፤ ያገኘሁት 192 ዶላር። የተበላሁት 41 ዶላር ከ20። ከዚህ ውስጥ የቤቱ ኮሚሽን ብቻ 21 ዶላር ከ20 ነው። አስተውሉ፦ ካጣሁት ከግማሽ በላዩን የወሰደው ያሸነፈኝ ሰው አይደለም፤ ጠረጴዛውን ያስቀመጠው ነው። ቤቱ አንድም ካርታ አልያዘም፤ አንድም ሌሊት አላመሸም። እኔ ብበላም ብበላበትም አሥር ሳንቲሙን ወስዷል። የቀረችኝ 8 ዶላር ከ80ስ? ማውጣት የሚቻለው ከ10 ዶላር ጀምሮ ነው ተባልኩ። እዚያው ቀረች። የፈጀብኝ ሰዓት ደግሞ 318 ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ 40 የሥራ ቀን ማለት ነው።

ማን ወሰደው? ግማሹን ቤቱ። ግማሹን ከእኔ የተሻሉት። 40ውን ቀን ግን ማንም አላገኘውም፤ እንዲያው ባከነ።

አሁን ወደ ቅዳሜዋ ጠባብ ቤት እንመለስ። ምክንያቱም እኔ የተበላሁበት ጨዋታ ቢያንስ ዕውቀት የሚሠራበት ነው። በፖከር ባላጋራህ ሰው ነው፤ ቤቱ ኮሚሽን ይወስዳል እንጂ አይጫወትህም። በቤቲንግ ግን ባላጋራህ ቤቱ ራሱ ነው፤ ዋጋውንም የሚተምነው እሱ ነው።

እንቁጠረው። ሁለት እኩል ቡድን ይጫወታሉ እንበል፤ ግማሽ በግማሽ። ትክክለኛው ኦድ 2.00 ነው። ቤቱ ግን ለምሳሌ 1.90 ይሰጣል። አንዱ ልጅ ለአንዱ 100 ብር፣ ሌላው ልጅ ለሌላው 100 ብር ቢያስይዙ ቤቱ 200 ሰብስቦ 190 ይከፍላል። 5 በመቶ ወሰደ። «ትንሽ ናት» ትላለህ። አሁን እኛ የምንወደውን ቲኬት እንቁረጥ፤ አሥር ጨዋታ። በእያንዳንዱ 5 በመቶ ሲቆረጥ አሥር ጊዜ ሲባዛ ከ100 ብርህ በአማካይ የሚመለሰው 60 ብር ገደማ ነው። 40ው ገና ኳሱ ሳይመታ ሄዷል። «አንዲት ጨዋታ አስቀረችኝ» የሚለው ለቅሶ ከዚህ ነው የሚመጣው። እያንዳንዱን ጨዋታ በ60 በመቶ የምታውቅ ጎበዝ ብትሆን እንኳ አሥሩም አንድ ላይ የመምታት ዕድላቸው ከ1,000 ስድስት ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

በዚያ ላይ ግብር አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከ1,000 ብር በላይ ከሆነ የዕድል ጨዋታ ገቢ ላይ 15 በመቶ ጥሎ ነበር። ስትበላ ይቆረጥብሃል፤ ስትበላበት ግን «አይዞህ» ብሎ የሚመልስልህ የለም።

አቪዬተርስ? አውሮፕላኗ ትነሣለች፣ ቁጥሩ ይወጣል፣ ሳትበር ማውጣት አለብህ። የሠራው ድርጅት ራሱ የሚለው ከሚያስይዙት ላይ 97 በመቶው ይመለሳል ነው። 97 ጥሩ ይመስላል አይደል? በ20 ብር ሁለት መቶ ዙር ብትጫወት ያስያዝከው 4,000 ብር ነው፤ የቤቱ ድርሻ በአማካይ 120 ብር። ሁለት መቶ ዙር ደግሞ የአንድ ሌሊት ነገር ነው። የበላኸውን መልሰህ ስታስይዝ ያቺ 3 በመቶ እየደጋገመች ትነክስሃለች። አንዱ ዙር ከሌላው ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ «አሁን ተራው ነው» የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ አቪዬተርን መማር አይቻልም፤ የሚማሩት ነገር የለውማ! በቴሌግራም «ሲግናል» የሚሸጥልህ ሰው አውሮፕላኗ መቼ እንደምትበር ካወቀ ለምን ራሱ አይበላም? ለምን ለአንተ በ300 ብር ይሸጥልሃል? የሚበላው ከአውሮፕላኗ አይደለም፤ ከአንተ ነው።

የፖከር ሰዎች የሚሉት አንድ ነገር አለ፦ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠህ የሚበላው ማን እንደሆነ ካላወቅህ፣ የሚበላው አንተ ነህ። ከጨዋታው የቀረልኝ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው።

አሁን የምትሉኝን አውቃለሁ። «ሥራ የለም። ታዲያ ምን እናድርግ?» እውነት ነው። እኔም እስከ ዛሬ ሥራ የለኝም። ወጣቱ ቤቲንግ ቤት የገባው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ማለዳ ተነሥቶ የሚሄድበት ቦታ ያጣ፣ ለቤተሰቡ ሸክም የሆነ የመሰለው፣ በአንድ ሌሊት ቀና ብሎ ለመሄድ የተመኘ ልጅ ነው። አልፈርድበትም። ነገር ግን ያንን ተስፋ የሚፈልግ ንግድ አለ። ሥራ ያለው ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ጥቂት ብር ያስይዝ ይሆናል፤ ሥራ የሌለው ግን ከሰኞ እስከ ሰኞ እዚያው ነው። እናም መቁጠር የሚችል፣ የተማረ፣ ጉልበት ያለው ትውልድ አንገቱን ወደ ስልክ ደፍቶ ሲውል የሚጎዳው ኪሱ ብቻ አይደለም። ራሱን ከሰው ይደብቃል። እናቱን ይዋሻል። ከጓደኛው ተበድሮ ሰላምታ ይሸሻል። እርስ በርሱ የሚሸሽ ወጣት ለማን ይሆናል?

ስለዚህ አራት ነገር ልጠይቃችሁ።

1. ደብተር ያዙ። ቤቲንግም ይሁን አቪዬተር፣ «አቁም» አልልህም፤ ስላልኩህ አታቆምምና። ለአንድ ወር ብቻ ያስያዝከውን፣ ያገኘኸውን፣ የፈጀብህን ሰዓት ጻፍ። በወሩ መጨረሻ ደምረው። ከእኔ ስብከት ይልቅ የራስህ የእጅ ጽሑፍ ይመክርሃል።

2. ጨዋታውን ከገንዘቡ ለዩት። ካርታ፣ ገበጣ፣ ሰንጠረዥ መጫወት ነውር አይደለም፤ አእምሮ ይስላል። በየሰፈሩ በባቄላና በሽምብራ የሚጫወት ክበብ እናቋቁም። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ «ለምን?» ብሎ መከራከር ይለመድ። እኛ ሦስት ጓደኛሞች ደብረ ብርሃን ላይ እንደገና ጀምረናል፤ እሑድ እሑድ። መግቢያው አንድ እፍኝ ሽምብራ ነው። ሲያልቅ ቆልተን እንበላዋለን። ቤቱ ኮሚሽን አይወስድም።

3. አብረን እንጠይቅ። ለአቋማሪ ቤቶች ፈቃድ የሚሰጥ የመንግሥት አካል አለ፤ የየከተማው አስተዳደርም ዓይኑ እያየ ነው። ደብተር የያዘ ተማሪ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ቲኬት ሲቆርጥ አይተናል። ከትምህርት ቤት ደጃፍ ይራቁ፤ ዕድሜ ይጠየቅ። ይህን ለመጠየቅ ጩኸት አያስፈልግም፤ ወላጆችንና መምህራንን ይዞ በጽሑፍ አቤት ማለት ይበቃል።

4. የተደበቀውን ልጅ ፈልጉት። እያንዳንዳችን አንድ እናውቃለን። ዕዳ ገብቶበት ስልኩን የማያነሣ፣ ከሰው የራቀ። «አንተ ቁማርተኛ!» አትበሉት። ሄዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። እኔ ለእናቴ እስክነግራት ድረስ በየሌሊቱ የማስበው ማስመለስን ብቻ ነበር። ከነገርኳት በኋላ የማስመለስ ጥማቱ ለቀቀኝ። ምስጢር ነው የሚያጫውተው።

ብላይንዱ በሁላችንም ላይ እየጨመረ ነው፤ ዕድሜ አይጠብቅም። እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ይጨርሰናል፤ ተስፋ ቆርጦ ሁሉንም መግፋትም ይጨርሰናል። መሐሉ ላይ ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ ግን አለ። ትንሽ ሙያ፣ ትንሽ ሥራ፣ አንድ ማመልከቻ፣ አንድ ፈተና። ያንን ያመለጠኝን ፈተና የሚመስል ሌላ ከመጣ ከዋዜማው ጀምሮ አዲስ አበባ ነኝ።

ከአንኮበር ስመለስ እናቴ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። በጉን አላነሣችውም። «ሌሊት ተኛ እሺ» ብቻ አለችኝ።

አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ዛሬ ሌሊት ስልኩን ከማንሣታችሁ በፊት ያቺን የእናቴን ጥያቄ ጠይቁ፦ ብሩን ማን ነው የሚወስደው? መልሱን ካላወቃችሁት፣ ስልኩን አስቀምጡትና ተኙ።

ላልደረሰው አድርሱ።